ግራፊክስ ካርድ ሲበላሽ፦ ጥፋተኛውን መለየትና ያለ ካርድ ሥራ መቀጠል

ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። የመጀመሪያው «ስክሪኔ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብና መስመር እየወጣ ነው፤ ካርዱ አለቀለት ወይ?» የሚል ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ «ካርዱን ነቀልኩት፤ አሁን ጭራሽ ምንም አይታይም» የሚለው ይከተላል። ይህ መመሪያ ለሁለቱም ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ («ኢንቴግሬትድ» የሚባለው)፣ ካርዱ ሲበላሽ መጠጊያ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን የካርዱን ጤና በነጻ መፈተሻ ነው። ካርዱ ወጥቶ ችግሩ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የካርዱ ወይም ለካርዱ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው። ካርዱ ወጥቶም ችግሩ ካልለቀቀ ግን አዲስ ካርድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አንድ የስም ነገር አስቀድመን እንለይ። ብዙ ሰው ካርዱን ራሱን «ቪጂኤ» ይለዋል። እዚህ ቪጂኤ ስንል ባለ 15 ቀዳዳውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነውን የሞኒተር መሰኪያ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ፕሮሰሰርዎ ግራፊክስ አለው?

ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሲፒዩ» የሚለውን ሲነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም በቀኝ በኩል ከላይ ይወጣል። ስክሪኑ የማይነበብ ከሆነ የግዢ ደረሰኙን ወይም ካርቶኑን ይፈልጉ። ከዚያ የስሙን መጨረሻ ያንብቡ።

- ኢንቴል ኮር፦ መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ወይም «ኬኤፍ» ካለ (አይ5-10400ኤፍ፣ አይ5-12400ኤፍ) ግራፊክስ የለውም። ከ2ኛው ትውልድ ወዲህ ለቤትና ለቢሮ የተሠሩት ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አላቸው። በ1ኛው ትውልድ አይ3-500ዎቹና አይ5-600ዎቹ አላቸው፤ አይ5-700ዎቹ፣ አይ7-800ዎቹና 900ዎቹ ግን የላቸውም።
- ኤኤምዲ ራይዘን፦ ከ1000 እስከ 5000 ባሉት ተከታታዮች የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ግራፊክስ የሚኖረው ስሙ ውስጥ «ጂ» ካለ ነው፤ 3200ጂ እና 5600ጂ አላቸው፣ 3600 እና 5600ኤክስ የላቸውም። ከ7000 ጀምሮ አብዛኞቹ ለስክሪን የሚበቃ ትንሽ ግራፊክስ አላቸው። 7500ኤፍ እና 8400ኤፍ ግን የላቸውም።
- ዚዮን ኢ3፦ 1225 እና 1245 አላቸው፤ 1230 እና 1240 የላቸውም።
- ኮር 2 ዱዎ፦ ግራፊክሱ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ጂ31 ወይም ጂ41 ከሆነ አለ።

ፕሮሰሰሩ ቢኖረውም ማዘርቦርዱ ማውጫ ላይኖረው ይችላል። ፒ67 ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ከነጭራሹ አይጠቀሙበትም፤ ኤች61 እና ኤች67 ይጠቀሙበታል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ የዩኤስቢና የድምፅ መሰኪያዎቹ ባሉበት ቦታ ቪጂኤ፣ ዲቪአይ፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት ካለ በር አለዎት። በአንዳንድ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች እነዚህ መሰኪያዎች በፕላስቲክ ክዳን ይሸፈናሉ፤ ክዳኑ ይነሳል።

ምንም ከሌለ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይፈልግ አሮጌ ካርድ፣ ለምሳሌ ጂቲ 710፣ ይዋሱ። ከዚህ በታች «ካርዱን አውጥተው» በሚለው ቦታ ሁሉ የእርስዎን ካርድ አውጥተው ያንን ይሰኩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ
- በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ የተረጋገጠ ሁለተኛ የሞኒተር ገመድ
- 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ
- ለስላሳ ብሩሽና ነጭ ላጲስ
- ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ
- ካርዱን ከፍተው ለማጽዳት ካሰቡ ብቻ፦ ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ንጽሕናው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ተርማል ፓድ (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ)

ማስጠንቀቂያ

የማቃጠል ሽታ ከሸተተዎት ወይም ካርዱ ላይ የጠቆረ ቦታ ካዩ ኮምፒውተሩን መልሰው አያብሩ። በካርዱ ላይ አጭር ዙር ካለ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። የታመመ ካርድን «ልፈትነው» ብለው ፈርማርክን በመሰለ አስጨናቂ ፕሮግራምም አያሩጡት። በዝግታ እየሞተ ያለውን ካርድ በደቂቃዎች ሊጨርሰው ይችላል፤ እርስዎም ፋይልዎን ሳያወጡ ይቀራሉ።

ደረጃዎቹ

1. ስክሪኑ ገና እየታየ ሳለ ይዘጋጁ።

አስፈላጊ ፋይሎችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። የፕሮሰሰርዎን ግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን እንዲያዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም) ከኢንቴል ወይም ከኤኤምዲ፣ የካርዱንም ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ፍላሹ ላይ ያስቀምጡ። ካርዱ ከወጣ በኋላ የፕሮሰሰሩን ድራይቨር ዊንዶውስ ራሱ ይፈልገው ይሆናል፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ዕለት ግን አያገኘውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አለ። ዲስክዎ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁጥር አሁኑኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ኋላ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ስንነካካ ወይም ባትሪውን ስንነቅል ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩን ማየት የሚችሉት ከተቆለፈው ዲስክ ውጭ ብቻ ነው።

2. ሞኒተሩንና ገመዱን ከተጠርጣሪነት ያውጡ።

የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ በቁልፎቹ ይክፈቱ። መስመሩ በሜኑው ላይም ካለፈ የታመመው ሞኒተሩ ነው፤ ያን ሜኑ የሚሥለው ካርዱ አይደለምና። የምስሉን ገመድ ነቅለውም «ምልክት የለም» የሚለውን ጽሑፍ ይመልከቱ፤ መስመሩ ያኔም ካለ መልሱ ያው ነው።

ቀጥሎ ስህተቱ እየታየ ሳለ ስክሪንሾት ያንሱና ወደ ስልክዎ ይላኩ። ነጠብጣቡ ስልኩ ላይም ከታየ ምስሉ የተበላሸው ገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ነው። ስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ገመዱን፣ መሰኪያውንና ሞኒተሩን ይፈትሹ። በስልክ ካሜራ ስክሪኑን ማንሳት ለዚህ ፈተና አይጠቅምም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነሳው መሆን አለበት።

3. ችግሩ መቼ እንደሚጀምር ይመዝግቡ።

ከጠቅላላው ሥራ ዋናው ይህ ነው። ሰዓቱ ብዙ ይናገራል።

- ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ የፋብሪካው ዓርማ ወይም ባዮስ ላይ እንዳለ ነጠብጣብ ከታየ ድራይቨር መቀየር አይረዳም፤ ድራይቨሩ ገና አልተጫነም። ባለ ቀለም ነጥቦች በሥርዓት ተደርድረው ከታዩ ብዙ ጊዜ ችግሩ የካርዱ ሚሞሪ ነው።
- ባዮሱ ጥርት ብሎ ዊንዶውስ ሲገባ ብቻ ከተበላሸ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ።
- ጌም ወይም የቪዲዮ ሥራ ከተጀመረ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ ከመጣ ሙቀትን ይጠርጥሩ።
- ስክሪኑ ጠፍቶ ድምፁ ከቀጠለና የካርዱ ፋን በድንገት በሙሉ ኃይሉ መጮኽ ከጀመረ ጥርጣሬው ካርዱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በሙሉ ልክ መብራት እንደሄደ ድርግም ካለ ግን መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ይመርምሩ።

የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» ከተጻፈ ካርዱ ለተሰጠው ሥራ በጊዜው መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ዊንዶውስ በተለምዶ የሚጠብቀው 2 ሰከንድ ነው። መልእክቱ ካርዱ መዘግየቱን እንጂ የዘገየበትን ምክንያት አይነግርዎትም፤ ድራይቨርም ሙቀትም የተበላሸ ቺፕም ያመጡታል።

4. ድራይቨሩን አጽድተው እንደገና ይጫኑ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የ«ቢ» ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ። ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ መልሶ ያስነሳል፤ የተከፈቱ ፋይሎችዎ አይዘጉም።

ከዚያ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ ያስነሱ። ሴፍ ሞድ የሚሠራው በዊንዶውስ መሠረታዊ ድራይቨር ስለሆነ ነጠብጣቡ እዚያም ከቀጠለ ወደ ደረጃ 5 ይዝለሉ፤ ችግሩ የሶፍትዌር አይደለም። ከጠፋ የኢንተርኔት ገመዱን ነቅለው ወይም ዋይፋዩን አጥፍተው «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» በተባለው ነጻ ፕሮግራም የድሮውን ድራይቨር ጠራርገው ያስወጡ፤ ፍላሹ ላይ ያስቀመጡትን የካርዱን ድራይቨርም ይጫኑ። ኢንተርኔቱን የምናቋርጠው እርስዎ ሳይጨርሱ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር እንዳይጭን ነው።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክትና «ኮድ 43» ካለ፣ ድራይቨሩም ተጸድቶ ተመልሶ ከመጣ፣ ካርዱ ራሱ ስህተት እያሳወቀ ነው።

5. ኤሌክትሪኩንና አቀማመጡን ይፈትሹ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ በማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል ይለቃል። ከመንካትዎ በፊት ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ። እጅዎ ላይ ያለው ስታቲክ ሳይሰማዎት ቺፕ ሊጎዳ ይችላል።

የገመዶቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የካርዱን የኃይል ገመድ ይንቀሉ፣ ካርዱን ከኬዙ ጋር ያያዘውን ብሎን ይፍቱ፣ ከዚያ በመሰኪያው ጫፍ ያለችውን የፕላስቲክ መቆለፊያ ተጭነው ካርዱን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያውጡ። መቆለፊያውን ሳይለቁ መጎተት መሰኪያውን ይሰብራል።

ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብለው ጠርገው ፍርፋሪውን በብሩሽ ያራግፉ። አቧራ በገባበት መሰኪያ አንድ ጥርስ ሳይነካ ቢቀር ካርዱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል።

የኃይሉን ሒሳብ ማወቅ ይጠቅማል። መሰኪያው ራሱ እስከ 75 ዋት፣ ባለ 6 እግር ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግር ገመድ 150 ዋት ይሰጣሉ። ሁለት ባለ 8 እግር መግቢያ ያለውን ካርድ ከአንድ ገመድ በተከፈለ ባለ ሁለት ራስ አይመግቡት፤ ሁለት ለየብቻ የሆኑ ገመዶች ከፓወር ሰፕላዩ ያምጡ። ተነቃይ ገመድ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ የሌላ ሞዴል ገመድ አይጠቀሙ። ጫፉ ቢገጥምም የውስጡ አደራደር ሊለያይና 12 ቮልቱ ወደማይገባው ቦታ ሊሄድ ይችላል።

6. ያለ ካርድ ያስነሱ።

ካርዱን ሳይመልሱ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩ። በአብዛኞቹ ኬዞች የማዘርቦርዱ መሰኪያዎች ከላይ በቁም ይደረደራሉ፤ የካርዱ ደግሞ ከታች በአግድም ይሆናሉ። ሞኒተሩ ላይም ትክክለኛውን መግቢያ ይምረጡ።

ሞኒተርዎ ቪጂኤ ብቻ ካለውና ማዘርቦርዱ ከሌለው የሚያስፈልግዎ ምልክቱን የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው አዳፕተር ነው። ዲቪአይ-ዲ ዲጂታል ብቻ ስለሆነ ርካሿ ቅርጽ ቀያሪ አዳፕተር በዚህ ላይ ምስል አትሰጥም። የዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ገመድም አቅጣጫ አለው፤ የዲስፕሌይፖርት ጫፉ ኮምፒውተሩ ላይ መሆን አለበት።

አሁን ያብሩና ችግሩን ሲያመጡ የነበሩትን ሥራዎች ለአንድ ቀን ይሥሩ። ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ካርዱን በሌላ ኮምፒውተር፣ በሌላ ፓወር ሰፕላይ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። እዚያም ከታመመ ፍርዱ አለቀ። እዚያ ጤነኛ ከሆነ የእርስዎ ፓወር ሰፕላይ ወይም መሰኪያው ነው። ካርዱ ወጥቶም ኮምፒውተሩ ከጠፋና ከተሰናከለ ራሙን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈትሹ።

7. ምንም ካልታየ።

ተስፋ ከመቁረጥ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

መጀመሪያ ይታገሡ። ዲዲአር5 ራም ያላቸው ማዘርቦርዶች ባትሪያቸው ከተነቀለ በኋላ ራሙን ሲለኩ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቶሎ ብሎ ማጥፋት ልኬቱን እንደገና ያስጀምረዋል።

ቀጥሎ ባዮሱ ምስሉን በካርዱ ብቻ እንዲያወጣ ታዝዞ ሊሆን ይችላል። ካርዱን መልሰው ገብተው መቀየር ከቻሉ «ፕራይመሪ ዲስፕሌይ» ወይም «ኢኒሻል ዲስፕሌይ አውትፑት» የሚለውን ይፈልጉና ከ«ፒኢጂ» (ካርዱ) ወደ «አይጂኤፍኤክስ» (የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ) ወይም «አውቶ» ያዙሩ። በአንዳንድ ማዘርቦርድ «አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር» የሚለውን ማብራት ካርዱና የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ካርዱ እየጠፋ ሲያስቸግርዎት በሁለተኛው መውጫ ለማየት ይመቻል።

ካርዱ ጭራሽ ከሞተ ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱ። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ሳለ ክቡን ባትሪ ያውጡና 5 ደቂቃ ጠብቀው ይመልሱ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሰዓቱና ቀኑ እየተሳሳተ ከነበረ ባትሪው ደክሟልና አዲሱን ያስገቡ። ማዘርቦርዱ ላይ «ቪጂኤ» የሚል ትንሽ መብራት (እዚህ መሰኪያውን ሳይሆን ግራፊክስን ማለት ነው) ካለና አሁንም ከበራ የፕሮሰሰሩን ስም ደግመው ያንብቡ፤ በዚህ ደረጃ የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ያቺ «ኤፍ» ናት።

8. የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ለሥራ ያብቁት።

ምስሉ ትልልቅና ደብዛዛ ከሆነ፣ ዲቫይስ ማናጀርም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ፣ ገና ድራይቨር አልተጫነም። ፍላሹ ላይ ያለውን የፕሮሰሰሩን ድራይቨር ይጫኑ።

ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከራም ነው። የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከኮምፒውተሩ ራም ይበደራል። አንድ ዲዲአር4-2400 ራም በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሆነው በሁለት ቻናል ሲሠሩ 38.4 ይሆናል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ለብቻው 112 አለው፤ ስለዚህ ተአምር አይጠብቁ። ግን አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ከመጠቀም ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት መጠቀም በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። አራት መሰኪያ ካለ በብዙ ማዘርቦርዶች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይሰካሉ።

በራይዘን ባዮስ ውስጥ «ዩኤምኤ ፍሬም በፈር ሳይዝ» ለግራፊክሱ የሚቆረጠውን ራም ይወስናል። ራምዎ 8 ጊጋባይት ከሆነ ከ1 ጊጋባይት አያልፉ፤ የተቆረጠው ለዊንዶውስ አይመለስም። በኢንቴል ግን ሳይነኩ ይተውት፣ እንደ አስፈላጊነቱ ራሱ ይወስዳል።

ፕሮግራሞችም የጠፋውን ካርድ ይፈልጋሉ። ስክሪን የሚቀዳው ኦቢኤስ «ኤንቪኢንሲ» (የኤንቪዲያ ካርድ ኤንኮደር) ላይ ተስተካክሎ ከነበረ መቅዳት ይከለክላል፤ ኤንኮደሩን ወደ «ኩዊክሲንክ» ወይም «ኤክስ264» ይቀይሩ። በሌሎች የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች ውስጥም የኤንቪዲያ ካርድ የሚፈልገውን «ኩዳ» የሚለውን ምርጫ ይለውጡ። ባለ 4ኬ ሞኒተር ካለዎት ደግሞ በብዙ የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ማዘርቦርዶች ኤችዲኤምአዩ በ4ኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም፤ ዲስፕሌይፖርቱ 60 ይሰጣል።

9. ካርዱ ግማሽ ሕይወት ካለው።

ችግሩ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ማጽዳት ይገባዋል። ፋኖቹን በጣት ይዘው አቧራውን ያራግፉ፤ በአየር ግፊት እንዲሽከረከሩ አይተዉ። ፔስቱን የሚቀይሩ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ብሎኖች በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቁ ይፍቱ። አሮጌውን በአልኮል ይጥረጉ፤ አዲሱን ቺፑን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን በስሱ ይቀቡ። ከኮምፒውተር ፕሮሰሰር በተለየ የካርድ ቺፕ ራቁቱን ስለሆነ ያልተሸፈነች ጥግ ብቻዋን ትግላለች። የፓዱን ውፍረት በሚሊሜትር ለክተው ያንኑ ይግዙ፤ 0.5 የነበረበት ላይ 1.5 ቢያደርጉ ማቀዝቀዣው ከዋናው ቺፕ ላይ ተነስቶ ይቀራል።

ሚሞሪው ለታመመ ካርድ «ኤምኤስአይ አፍተርበርነር» ላይ የሚሞሪ ፍጥነቱን በ500 ሜጋኸርዝ፣ የኃይል ጣሪያውን ወደ 70 በመቶ ዝቅ ማድረግ አንዳንዴ ጊዜ ይገዛል። በሙሉ ፍጥነት የሚሳሳት ሚሞሪ ሲቀንስ ሊረጋጋ ይችላል። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ ለሥራ ኮምፒውተር አይተማመኑበት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ካርዱ ተሰክቶ ሳለ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ኢንቴግሬትዱም ሞቷል» ማለት፦ ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲያዩ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ራሳቸው ያጠፉታል። ካርዱን አውጥተው ይፈትሹ።

ካርዱን ኦቨን ውስጥ መጋገር፦ እርሳስ አልባ ብየዳ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቤት ኦቨን ያን ሙቀት እኩል አያደርስም፣ ካፓሲተሩንና ፕላስቲኩን ያበላሻል፣ ጭሱም እንጀራ በሚበላበት ቤት መግባት የለበትም። ተነስቶ ቢሠራም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ነው።

ከባድ ካርድን ሲመልሱ ሳይደግፉ መተው፦ ጫፉ ሲያዘነብል ቦርዱ ይጎብጣል፤ በሚሞሪ ቺፖቹ ሥር ያለው ብየዳም ይሰነጠቃል። ከሥሩ ትንሽ ድጋፍ ያቁሙለት፣ ፋኑን ግን እንዳይነካ።

ላፕቶፕ ከሆነ

ቺፑ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይነቀልም። ሁለት ግራፊክስ ባላቸው አብዛኞቹ ላፕቶፖች ግን ስክሪኑ የተገናኘው ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ጋር ነው። በሴፍ ሞድ ገብተው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ፣ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ሥር፣ የኤንቪዲያውን ወይም የኤኤምዲውን ተጨማሪ ቺፕ በቀኝ ጠቅታ «ዲስኤብል» ያድርጉ። «አንኢንስቶል» አይምረጡ፤ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ሲነሳ ቺፑን እንደገና አግኝቶ ይጭነዋል። በአንዳንድ ሞዴሎች የኤችዲኤምአይ መውጫው ከተጨማሪው ቺፕ ጋር ስለተገናኘ ከዚህ በኋላ ፕሮጀክተር አይሠራም፤ የዩኤስቢ-ሲ መውጫው ምስል የሚያወጣ ከሆነ በእሱ ይሞክሩ። ባዮሱ «ዲስክሪት» እና «ሃይብሪድ» የሚል ምርጫ ካለው ከሁሉ አስቀድመው ወደ «ሃይብሪድ» ያዙሩት፤ «ዲስክሪት» ላይ እያለ ቺፑን ቢያጠፉት የላፕቶፑ ስክሪን የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ አያገኝም።